ሐረጎ ላይ የሚፈላ ኮሮላ፦ ቴስታታው ከመውረዱ በፊት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ልጁ ኮምቦልቻ ይሠራል፣ ቤተሰቦቹ ደሴ ናቸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በአሮጌ ኮሮላ ይወጣል። ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ሲነዳ የሙቀት መርፌዋ መሃል ላይ ቁጭ ብላ ትውላለች። የሐረጎን ዳገት መውጣት ሲጀምር ግን ከቦታዋ ትነሳና ቀዩን ልትነካ ትደርሳለች። ዳር ይዞ ሲያጠፋው ከፊት ለፊት ይንዶቀዶቃል፣ የትርፍ ውሃ መያዣዋ ፕላስቲክ ሞልታ ትፈሳለች። ጠዋት ሲያየው ፕላስቲኳ እንደሞላች ናት፣ ራዲያተሩ ግን ጎድሏል። መሬት ላይ ጠብታ የለም። አንዱ ጋራዥ ተርሞስታቱን፣ ማለትም ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን መንገድ የሚከፍተውን፣ አውጥቶ ጣለለት፣ ለውጥ የለም። ሌላው ጋራዥ የዘይት ክዳኑን ከፍቶ ነጭ አረፋ አየና «ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፣ ቴስታታ ይውረድ» አለው። ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው፣ ጓርኒሲዮኑ ደግሞ በሱና በታችኛው የሞተር አካል መሃል ያለው ማሸጊያ። አሁን «ላስወርደው ወይስ ልሽጠው?» ይላል።

አብሽር ወንድሜ። ሁለቱንም አታድርግ፣ ቢያንስ በዚህ ሳምንት። የመልሱ ግማሽ አንተው በጻፍከው ውስጥ አለ። ጠዋት ራዲያተሩ ጎድሎ ፕላስቲኳ ሞልታ ማደሯን ማንም ልብ አላለልህም እንጂ፣ ከሁሉም የሚናገረው ምልክት እሱ ነው።

መኪና ሲሞቅ ሁሉም ሰው «ምኑ ተበላሸ?» ብሎ ነው የሚጀምረው። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው «መቼ ነው የሚሞቀው?» ብዬ ነው። ደሴ ሸዋ በር ላይ ወይም ፒያሳ በመኪና ተጨናንቆ ቆሞ ሲውል የሚሞቅ፣ መንገድ ሲያገኝ ደግሞ የሚበርድ ከሆነ ቬንትሌተሩን (የራዲያተሩን ማራገቢያ) ጠርጥር፣ ምክንያቱም መኪናው ሲሄድ ነፋሱ የቬንትሌተሩን ሥራ ይሠራለታል። ጠዋት ተነስቶ ገና ሰፈር ሳይለቅ የሚሞቅ ከሆነ ወይ ውሃ የለውም፣ ወይ ተርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቷል፣ ወይ የእውነትም ጓርኒሲዮን ነው። ያንተ ግን ሜዳ ላይ ደህና ነው፣ ጭነት ሲበዛበት ብቻ ነው የሚሸነፍ። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ሙቀቱን የማስወገድ አቅሙ የቀነሰ ነው፦ ራዲያተሩ ተደፍኗል፣ ወይ የውሃ ፓምፑ ደክሟል፣ ወይ ውሃው ጎድሏል፣ ወይ ደግሞ ግፊት አይዝም።

የመጨረሻዋ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ እኛ አገር የሚናቀው እሱ ስለሆነ።

ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ። ያቺ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነች መንገድ 650 ሜትር ያህል ሽቅብ ትወስድሃለች፣ አብዛኛው ደግሞ ሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ነው። ከፍታ ሲጨምር ውሃ ቶሎ ይፈላል። ጅቡቲ ወደብ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ ኮምቦልቻ በ94 ገደማ፣ ደሴ ደግሞ በ92 ገደማ ይፈላል። ደሴ ላይ ባቄላ ከባቲ ይልቅ እሳት የሚፈጀው ለዚህ ነው። የኮሮላህ ተርሞስታት እኮ መከፈት የሚጀምረው በ82 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ዳገት ላይ የሞተሩ ውሃ 95ም 100ም ቢደርስ ጤነኛ ነው። ታዲያ ደሴ ላይ በ92 የሚፈላ ውሃ እንዴት ይችላል?

የሚያስችለው ታፖው፣ ማለትም የራዲያተሩ ክዳን ነው። ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታያለህ፣ የሚይዘው ግፊት ነው። 0.9 የሚለው በትክክል ከሠራ ደሴ ላይም ቢሆን ንጹህ ውሃ እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል፣ ግማሽ በግማሽ ኩላንት (አንቲፍሪዝ የሚባለው) ከገባበት ደግሞ ወደ 120 ይጠጋል። ታፖው ግፊት ካልያዘ ያ ሁሉ ይቀርና ውሃህ 92 ላይ መንተክተክ ይጀምራል። እንግዲህ ሞተሩ ምንም ሳይበላሽ ሊፈላ ይችላል ማለት ነው። ጅቡቲ ለሚነዳ ሰው ደካማ ታፖ ትንሽ መጠባበቂያ ይተውለታል፣ ለእኛ ግን ምንም።

አሁን ታፖውን፣ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ ሳለ፣ ፈተህ ገልብጠህ ፀሐይ ላይ እየው። ከሥር ጎማ አለው፣ ጎማው ደርቆ ከተሰነጠቀ ወይም የራዲያተሩ አፍ ዙሪያውን ቆርጦት ጥልቅ ቀለበት ከሠራበት አልቋል። ስፕሪንጉን በአውራ ጣትህ ተጫነው፣ በቀላሉ ከገባልህ ደክሟል። መሃሉ ላይ ደግሞ ትንሽ ክብ ቆርቆሮ አለች፣ በጥፍርህ ሳብ ስታደርጋት ትከፈታለች፣ ስትለቃት ቅርጭጭ ብላ ትመለሳለች። ይቺ ቆርቆሮ የማታ ሥራ ነው ያላት። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ውሃው ይኮማተራል፣ ያኔ ተከፍታ ከፕላስቲኳ ውሃ መልሳ ወደ ራዲያተሩ ታስገባለች። ዝገት ይዟት ካልተከፈተች ውሃው ወጥቶ ይቀራል፣ ጠዋት ፕላስቲኳ ሙሉ፣ ራዲያተሩ ጎዶሎ። ያንተው ታሪክ አይደል?

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ማታ ደሴ ደርሰህ አቁመው፣ ጠዋት ሞተሩን ሳታስነሳ ኮፈኑን ክፈትና የላይኛውን ወፍራም የራዲያተር ቱቦ ጨበጥ አድርገው። ተጣብቆ ጠፍጥፎ ካገኘኸው ውስጡ አየር ተስቦ አልቋል፣ ጥፋቱ የታፖው ነው። ልስልስ ብሎ በቅርጹ ካለና ውሃው ግን ከጎደለ፣ ከታፖው አፍ ወደ ፕላስቲኳ የምትሄደውን ቀጭን ቱቦ መርምር፣ ተሰንጥቃ ወይም ጫፏ ውሃው ውስጥ ሳይጠልቅ ቀርቶ በውሃ ፈንታ አየር እየሳበች ይሆናል። ሌሊቱን ሙሉ አድሮ ጠዋትም እንደተወጠረ ከጠበቀህ ግን ያን ጊዜ እኔም እንደ ጋራዡ ጓርኒሲዮኑን እጠረጥራለሁ፣ ምክንያቱም የቃጠሎው ጋዝ ወደ ውሃው መንገድ እየገባ ነው ማለት ነው። በሦስቱም ውሃው ወጥቶ ራዲያተሩ ይጎድላል፣ ስለዚህ ከላይ ሲታዩ አንድ ናቸው። የሚለያቸው የጠዋቱ ቱቦ ነው።

«ነጩ አረፋስ?» ትለኛለህ። እሱን ያመጣው የመጀመሪያው ጋራዥ ይመስለኛል።

ተርሞስታት ማውጣት ደሴም ኮምቦልቻም እንደ ሕክምና ተይዟል። «አውጣው፣ ውሃው እንደልቡ ይዙር» ይባላል። የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ሜዳ ላይና ቁልቁለት ላይ ሞተሩ በቅጡ አይሞቅም፣ ቤንዚን አብዝቶ ይጠጣል፣ ከቃጠሎ የሚመጣው እርጥበትም አይተንም። ያ እርጥበት የደሴ ብርድ ያረፈበት የዘይት ክዳን ሥር ሲደርስ ተጠራቅሞ ከዘይት ጋር ነጭ ክሬም ይሠራል። ጓርኒሲዮን የተቃጠለ ይመስላል፣ ሆኖም እርጥበት ብቻ ነው። ስለዚህ ክዳኑን ተወውና የዘይት መለኪያ ዘንጉን መዝዘህ እይ። ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ ንጹህ ከሆነ አረፋው የብርድ ነው። ዘንጉም ላይ ቡና በወተት ከመሰለ፣ ወይም የዘይቱ ልክ ሳትጨምርበት ከፍ ካለ፣ መኪናውን አታስነሳው። ጠዋት ጠዋት ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) የሚወጣው ነጭ ጭስም እንዲሁ ነው፣ በደሴ ብርድ የማያጨስ መኪና የለም። ሞተሩ ሞቆም የማያቆም፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ነው የሚያስፈራው።

በዚያ ላይ በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ተርሞስታቱ ሁለት በር አለው። ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን ሲከፍት፣ ውሃው ራዲያተር ሳይነካ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። አውጥተህ ስትጥለው አቋራጩ ክፍት ይቀራል፣ ከትኩሱ ውሃ የተወሰነው ሳይበርድ ይመለሳል። ዳገት ላይ ያግዛል የተባለው ነገር ዳገት ላይ ይጥልሃል። አስመልሰው። ስታስገጥም ትንሿ የአየር መውጫ ቀዳዳ ወደ ላይ እንድትሆን ንገራቸው።

አዲሱን ተርሞስታት ድስት ውስጥ ቀቅሎ መፈተን ጥሩ ልማድ ነው፣ ግን እዚህ ላይ ደሴዎች እንዳትሸወዱ። መመሪያዎቹ «በ95 ዲግሪ ሙሉ በሙሉ መከፈት አለበት» ይላሉ። ደሴ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 95 አይደርስም፣ በ92 ፈልቶ እዚያው ይቆማል። ስለዚህ በ82 አካባቢ መከፈት ጀምሮ ሙሉ ሳይከፈት ቢቀር ተርሞስታቱን ኮንነህ አትጣለው። ጨርሶ ካልተላወሰ ነው የሞተው።

ወደ ራዲያተሩ እንምጣ። ከደጅ ጀምር። ኤሲ ካለው ፊት ለፊት የምታየው የኤሲው ኮንደንሰር ነው፣ ራዲያተሩ ከኋላው ተደብቋል፣ በሁለቱ መሃል ደግሞ አቧራ፣ የሞተ ትንኝ፣ ገለባና የፌስታል ቁራጭ ተጠቅጥቆ ይገኛል። በባትሪ ብርሃን ከላይ አጮልቀህ እይ። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በቀስታ ውሃ እየለቀቁ ማጠብ ነው፣ የላቫጆው ኃይለኛ ውሃ በቅርብ ከተተኮሰበት ስስ ክንፎቹን ያጥፋቸውና ከቆሻሻው ይብሳል። ውስጡን ለማወቅ ደግሞ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ አጥፍተህ፣ ቬንትሌተሩ ሳታስበው ሊነሳ ስለሚችል እጅህን ከሱ አርቀህ፣ የራዲያተሩን ፊት ከዳር እዳር በጥንቃቄ ዳብሰው። አንድ ወገን ትኩስ ሆኖ ሌላው ቦታ ለብ ካለ ወይም ከቀዘቀዘ እዚያ ውሃ አያልፍም፣ ተደፍኗል። የርቀት ሙቀት መለኪያዋን ሽጉጥ የያዘ ጋራዥ ካገኘህ ደግሞ በአንድ ደቂቃ ይለይልሃል።

የቧንቧ ውሃ ብቻ ለዓመታት ሲሞላበት የኖረ ራዲያተር ቢደፈን አይገርመኝም። ቧንቧም ይሁን የምንጭ ውሃ ማዕድን አለው፣ ሲሞቅ ነጭ ቅርፊት ይሆንና ጠባቦቹን መንገዶች ይይዛል፣ ዝገቱ ደግሞ ይጨመርበታል። የድሮው የመዳብ ራዲያተር ተፈቶ፣ ተጠርጎ፣ ተበይዶ ይመለሳል። የአሉሚኒየምና የፕላስቲኩ ግን ከተደፈነ መቀየር ነው የሚያዋጣው። ፍሳሽ ይደፍናል ተብሎ የሚጨመረውን ዱቄት ነገር ራቀው፣ ቀዳዳና መንገድ መለየት አይችልም።

የውሃ ፓምፑ ብዙ አያስወራም። ቺንጋው (የሚያዞረው ቀበቶ) ላልቶ ይንሸራተት እንደሆነ እይ፤ ፓምፑ ዘንግ ሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ የደረቀ የውሃ ዱካ ካለ፣ ወይም መዘውሩን ስትነቀንቀው ከተጫወተ ፓምፑን ቀይረው። ቬንትሌተሩም ቶሎ ያልቃል፦ ኤሲውን ክፈት፣ መነሳት አለበት። ተነስቶም ወደየት እንደሚነፍስ እይ። የቬንትሌተሩ ሞተር ተቀይሮ ሽቦው ተገልብጦ ሲታሰር ወደ ፊት የሚነፍስ ቬንትሌተር አይቻለሁ፣ መኪናው ሲሄድ ከሚመጣው ነፋስ ጋር ይጋፋል። አንድ ወረቀት ከራዲያተሩ ፊት ብታስጠጋ ጎትቶ መለጠፍ አለበት።

የመርፌዋን ነገር አልረሳሁትም። ብዙ መኪና ላይ ያቺ መርፌ ሐቀኛ አይደለችም፣ ሾፌሩ እንዳይሳቀቅ ተብሎ በሰፊ የሙቀት ልዩነት ውስጥ መሃል ላይ እንድትቀመጥ ነው የተሠራችው። ከመሃል ተነሳች ማለት ቀድሞውኑ ሞቋል። ቪትዝ ያላችሁማ ከብዙዎቹ ላይ መርፌም የለም፣ ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ፣ ሲቃጠል ቀይ መብራት ብቻ። ቀዩ ሲበራ ማሰቢያ ጊዜ የለም፣ አቁሙ። አዲስ ሞዴሎች ላይ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ርካሽ ስካነር ሰክቶ ትክክለኛውን ዲግሪ ማየት ይቻላል፣ እኔ ብሆን ሐረጎን ለሚመላለስ ሰው ከምንም ጌጥ በፊት እሱን እገዛለት ነበር።

ጥገናው እስኪያልቅ ድረስ መውጣትህ አይቀርም ብዬ ነው የምለው፦ ጠዋት በብርድ ውጣ፣ ኤሲ ዝጋ፣ መርፌዋ ስትነሳ የውስጡን ማሞቂያ እስከ ጥግ ክፈተው። አንተ ትጠበሳለህ፣ ሞተሩ ግን አንድ ተጨማሪ ትንሽ ራዲያተር አገኘ ማለት ነው። ሦስተኛ ማርሽ ይዘህ ሞተሩን እያቃሰትክ አትጎትተው፣ ወደ ሁለተኛ ውረድ፣ ነዳጁን ቀለል አድርግ። ሞተሩ በቀላሉ ሲዞር ፓምፑም ፈጠን ብሎ ይዞራል። ቀይ ከደረሰች ዳር ይዘህ አጥፋ። ታፖውን ግን ለግማሽ ሰዓት ለሦስት ሩብ ሰዓት እንዳትነካው፣ በጨርቅም ቢሆን። ግፊት ላይ ያለ ከመቶ በላይ የሞቀ ውሃ ልክ ስትከፍተው እንፋሎት ሆኖ ፊትህ ላይ ነው የሚፈነዳው። ቀዝቃዛ ውሃም በጋለ ብረት ላይ አትድፋበት፣ ቴስታታ የሚጣመመውና የሚሰነጠቀው እንዲህ ሲደረግ ነው፣ ያኔ የጋራዡ ትንቢት ይፈጸማል።

ውሃ ስትቀይር ኩላንት አስገባ። «ደሴ ውሃ አይረጋ፣ አንቲፍሪዝ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። ለበረዶ አይደለም፣ ለዝገቱና ለመፍላቱ ነው። ያልተበረዘው ዓይነት ከሆነ ከተጣራ ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ አድርገው፣ የባትሪ ውሃ ስትገዛ አሲድ እንዳይሰጡህ አስረግጠህ ጠይቅ። ቀለሙ አረንጓዴ ሆነ ቀይ ስለ ዓይነቱ ብዙ አይነግርህም፣ ጣሳው ላይ የተጻፈውን አንብብ፣ የማታውቀውን በማታውቀው ላይ አትደባልቅ። ጣፋጭ መርዝ ስለሆነ የፈሰሰውን ሕፃንና ውሻ ከሚደርስበት አርቀህ ጥረግ። ስትሞላ መኪናውን አፍንጫው ወደ ላይ አድርገህ አቁመው፣ ደሴ ለዚህ የሚሆን ዳገት ሞልቶላታል፣ ማሞቂያውን ክፈት፣ ታፖውን ሳትገጥም ሞተሩን አስነስተህ አየሩ ቡልቅ ቡልቅ እያለ እስኪያልቅ ቀስ እያልክ ጨምር። አየር ውስጥ ተቀብሮ ከቀረ አዲስ ዕቃ ሁሉ ገጥመህም ይሞቃል።

እንግዲህ ታፖውን ቀየርክ፣ ተርሞስታቱ ተመለሰ፣ ራዲያተሩ ተጠረገ፣ አየሩ ወጣ፣ ግን አሁንም ሐረጎ ላይ ሞቀ። ያን ጊዜ ወደ ጓርኒሲዮን እንሄዳለን፣ እሱም በምርመራ እንጂ በግምት አይደለም። ራዲያተሩ አፍ ላይ የሚደረግ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለው መመርመሪያ አለ፣ የቃጠሎ ጋዝ ከነካው ወደ ቢጫ ይለወጣል። እሱ ያለው ጋራዥ ፈልግ፣ አዲስ አበባም ድረስ ቢሆን አስመጡት ብለህ ጠይቅ። ሲሊንደሮቹ የሚያምቁትን ግፊት የሚለካው የኮምፕሬሽን መለኪያም ይሠራል፣ ግን ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ቁጥሩ ከመጽሐፉ ዝቅ ማለቱ አይቀርም። «ከመጽሐፉ አንሷል፣ ሞተሩ ሞቷል» ካሉህ አትደንግጥ፣ አራቱን ሲሊንደሮች እርስ በርስ አወዳድር። ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱ ከሌሎቹ በጣም ከወረዱ በመሃላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ተበልቷል።

ፈሳሹ ቢጫ ከሆነ ይውረድ፣ ምንም ክርክር የለኝም። ሲወርድ ግን ጓርኒሲዮን ብቻ ቀይረው እንዳይመልሱልህ። ቴስታታው ቀጥ ባለ ብረት ማስመሪያና በስስ መለኪያ ቅጠል ይለካ፣ ብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ የሚፈቀደው መጣመም 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ በዓይን አይታይም። ካለፈ ቶርኖ ቤት ይላግ፣ ስንጥቅም ይፈተሽ። ቡሎኖቹ በተራቸው፣ ከመሃል ወደ ዳር፣ በመጠን መለኪያ ቁልፍ ይጠበቁ፤ «በእጄ አውቀዋለሁ» የሚልህን ሰው አመስግነህ ሌላ ፈልግ። ዘይቱና ፊልትሮው በዚያው ቀን ይቀየሩ፣ ውሃ የነካው ዘይት ኩሽኔታ ይበላል።